አልቆ የወጣ የፍሬን ሸራ የሚናገረው

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በሐሙሲትና በወረታ በኩል ወደ ጎንደር የሚዘልቀው አውራ ጎዳና በፎገራ ሜዳ ላይ ሲያልፍ ገርና ለጥ ያለ ስለሆነ፣ በዚህ አካባቢ ለሚመላለስ አውቶሞቢል ፍሬን ብዙ የሚደክምበት ምክንያት ያለ አይመስልም። ይሁንና ሜዳው ፍሬን የሚጎዳበት የራሱ መንገድ አለው፤ በክረምት የጉማራና የርብ ወንዞች ሞልተው ሜዳው ላይ ሲተኙ ወደ ቀበሌዎቹ የሚያስገቡት የጥርጊያ መንገዶች በደለልና በዋልካ ጭቃ ይሞላሉ፣ ያው ጭቃ በበጋ ደርቆ አቧራ ይሆናል፣ በገበያ ቀን ደግሞ ከብቱ፣ ጋሪው፣ ባጃጁና እግረኛው አስፋልቱን እያቋረጡ ስለሚተላለፉ አሽከርካሪው በአጭር ርቀት ውስጥ ደጋግሞ ፍሬን ለመያዝ ይገደዳል። ከወረታ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ በዓለም በር በኩል ደብረ ታቦር ደርሶ የሚመለስ ተሽከርካሪ ደግሞ በዚህ ላይ ረጅም ቁልቁለት ይጨመርበታል። የዛሬው ዝግጅት የሚያተኩረው አንድ ባለመኪና ያለቀ የፊት ጎማ ፍሬን ሸራ በግቢው ውስጥ እንዴት በጥንቃቄ መቀየር እንደሚችል በማስረዳት ላይ ሲሆን፣ ከሁሉ በላይ ግን አዲሱ ሸራ ከመግባቱ በፊት ተፈትቶ የወጣው አሮጌ ሸራ ምን እንደሚናገር በማሳየት ላይ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ያለቀው ሸራ ያለበቂ ምርመራ ተጥሎ አዲሱ በቦታው ይገባና፣ ቀድሞ ያስጨረሰው ምክንያት ሳይነካ እዚያው ይቀራል።

ስለ አሠራሩ ጥቂት ማለት ለቀጣዩ ማብራሪያ ይጠቅማል። በዘመናዊ አውቶሞቢል የፊት ጎማ ላይ ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞር ክብ የብረት ሰሌዳ አለ፤ ይህም ዲስክ ይባላል። ዲስኩን እንደ መቆንጠጫ ከሁለት ወገን አቅፎ የሚይዘው አካል ካሊፐር ሲሆን፣ በውስጡ ፒስተን የሚባል በፍሬን ዘይት ግፊት ወደ ፊት የሚገፋ ሲሊንደር ይገኛል። የፍሬን ሸራ የሚባለው በብረት ጀርባ ላይ የተጣበቀ የሰበቃ ቁስ ነው፤ አንዱ ከዲስኩ ውስጠኛ ፊት፣ ሌላው ከውጭኛው ፊት ጋር ተጎራብቶ ይቀመጣል። በአብዛኞቹ የቤት መኪኖች ላይ ፒስተኑ ያለው በውስጠኛው ወገን ብቻ ስለሆነ፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ፒስተኑ መጀመሪያ የውስጡን ሸራ ወደ ዲስኩ ይገፋል፤ ከዚያም በሚፈጠረው ተቃራኒ ግፊት መላው ካሊፐር ተንሸራታች ፒን በሚባሉ ሁለት ለስላሳ የብረት ዘንጎች ላይ ወደ ኋላ ተንሸራቶ የውጭውን ሸራ ይስባል። የሁለቱ ሸራዎች ኃይል እኩል የሚሆነው እንግዲህ ካሊፐሩ በነዚህ ፒኖች ላይ ያለ እንቅፋት መንሸራተት እስከቻለ ድረስ ነው።

ፍሬን የመኪናውን የእንቅስቃሴ ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ የጉልበቱ መጠን ከሚታሰበው በላይ ነው። 1,300 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲከንፍ ቆይቶ ሙሉ በሙሉ ቢቆም 320 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይፈጠራል፤ ውሃ በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚፈላበት በወረታ ከፍታ ይህ ሙቀት 20 ዲግሪ ላይ የነበረን አንድ ሊትር ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ በሚወርደው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ የከፍታው ልዩነት ከ800 ሜትር ስለሚበልጥ፣ ያው መኪና ቁልቁለቱን ሲጨርስ የሚለቀው ጉልበት ከ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ተነሥቶ ከ30 ጊዜ በላይ ሙሉ በሙሉ ከመቆም ጋር የሚተካከል ነው። ከዚህ ውስጥ የተወሰነውን አየሩ፣ የተወሰነውን ደግሞ ማርሽ ቀንሶ ለሚወርድ አሽከርካሪ ሞተሩ ይሸከመዋል፤ ማርሹን በዜሮ አድርጎ ነዳጅ ለመቆጠብ የሚሞክር አሽከርካሪ ግን የሞተሩን ድርሻ በሙሉ በሸራው ላይ ይጭናል። በወጡበት ማርሽ መውረድ የሚለው የነባር አሽከርካሪዎች ደንብ ትክክለኛነቱ በዚህ ስሌት የተረጋገጠ ነው።

ሸራ ማለቁን የሚያሳውቁ ምልክቶች አሉ። በብዙ ሸራዎች ጀርባ ላይ ትንሽ የብረት ምላስ ተሠርታ ትገኛለች፤ ሸራው ሲሳሳ ይህች ምላስ ዲስኩን እየነካች ቀጭን የሲጥታ ድምፅ ታሰማለች። ሲጥታው ወደ ከባድ የብረት ፍጭት ከተለወጠ የሰበቃው ቁስ አልቆ የሸራው የብረት ጀርባ ዲስኩን እየፋቀ ነው ማለት ስለሆነ፣ መኪናው ከዚያ በኋላ ለጉዞ መነሣት የለበትም። አዲስ ሸራ በአማካይ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር የሚደርስ የሰበቃ ቁስ ይኖረዋል፤ የብረት ጀርባውን ሳይጨምር 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረው መቀየሩ ተገቢ ነው። የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያው ደረጃ ቀስ በቀስ መውረድም ምልክት ነው፤ ሸራው በሳሳ መጠን ፒስተኑ ወደ ፊት ስለሚወጣ የለቀቀውን ቦታ ዘይት ይሞላዋል። ይህን ባለማወቅ ዘይት እየጨመሩ መሄድ የመሳሳቱን ምልክት ይሸፍነዋል፤ አዲስ ሸራ ሲገባም ፒስተኑ ወደ ኋላ ሲገፋ ዘይቱ ሞልቶ ይፈስና የመኪናውን ቀለም ይልጣል።

ሥራው የሚጀመረው ከመሬቱ ነው። ዋልካ አፈር ላይ በተሠራ ግቢ ውስጥ መኪና በክሪክ ማንሣት ከሁሉም የቤት ሥራ የበለጠ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነው፤ አፈሩ ከላይ ደርቆ ቅርፊት ይሠራል፣ ከሥሩ ግን እርጥበት ይዞ ይቆያል። አንድ የፊት ጎማ 400 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ሲሸከም፣ የክሪኩ መቀመጫ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ቢሆን በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 4 ኪሎ ግራም ይጫናል፤ ክሪኩ ለጥቂት ደቂቃ ቀጥ ብሎ ይቆምና ቅርፊቱ ሲሰበር በአንድ ጎኑ ይሰምጣል፣ ያዘነበለ ክሪክም መኪናውን ወደ ጎን ገፍቶ ይጥለዋል። ከክሪኩ ሥር 30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም ጣውላ ቢነጠፍ ያው ክብደት በ9 እጥፍ ስፋት ላይ ስለሚሰራጭ አፈሩ ሊሸከመው ይችላል። የሲሚንቶ ወለል ካለ ይመረጣል፤ ቁልቁል መሬትና የአስፋልት ዳር ግን ፈጽሞ አይሆንም። የእጅ ፍሬኑ ተይዞ፣ በኋላ ጎማዎቹ ከፊትም ከኋላም ታኮ ተደርጎ፣ የጎማው ዳዶዎች መኪናው ሳይነሣ ትንሽ ላላ ይደረጋሉ። መኪናው ከተነሣ በኋላ ክብደቱ ከክሪኩ ተወስዶ በብረት ማቆሚያ ላይ ማረፍ አለበት፤ የወለቀውን ጎማ ከሻንሲው ሥር አጋድሞ ማስቀመጥም ማቆሚያው ቢከዳ የሰው ሕይወት የሚያድን ሁለተኛ መከላከያ ነው። 

ጎማው ከወለቀ በኋላ ካሊፐሩን የያዙት ሁለት ብሎኖች ከጀርባ በኩል ይታያሉ፤ በብዙ መኪኖች ላይ የታችኛውን ብቻ ፈትቶ ካሊፐሩን ወደ ላይ መክፈት ይቻላል። ሙሉ በሙሉ የሚወልቅ ከሆነ ግን በዘይት ጎማ ቱቦው ተንጠልጥሎ መቅረት የለበትም፤ ቱቦው ከውስጥ ቢሰነጠቅ ጉዳቱ ከውጭ ስለማይታይ ካሊፐሩ በሽቦ ከጎማው በላይ ካለው የመኪናው ሞላ ጋር መታሰር አለበት። ሁለቱንም ጎማ ባንድ ጊዜ መፍታት አይመከርም፤ አንዱ ወገን እስኪያልቅ ሌላው እንዳለ ከቆየ የትኛው ምላስና የትኛው ሞላ ወዴት እንደሚገባ ማየት ለሚፈልግ ሰው ናሙና ሆኖ ያገለግላል። በካሊፐሩ ዙሪያ የተጋገረውን አቧራ በአየር ግፊት መንፋት ወይም በደረቅ ብሩሽ መጥረግ በጣም ጎጂ ልማድ ነው፤ በሃያኛው ክፍለ ዘመን አብዛኛው የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ የሚባል፣ በሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመታት በኋላ ካንሰር የሚያስከትል የማዕድን ቃጫ ይይዝ ነበር፤ የአውሮፓ ኅብረት በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ሙሉ በሙሉ ቢከለከልም፣ ምንነቱ ባልታወቀ አሮጌ ሸራ ውስጥ እንደማይገኝ ማረጋገጥ አይቻልም። ስለዚህ አቧራው በውሃ ርሶ በእርጥብ ጨርቅ መጠረግ፣ ጨርቁም በፌስታል ታስሮ መጣል አለበት።

አሁን የወጡት ሁለት ሸራዎች ጎን ለጎን ተደርገው መታየት ያለባቸው ጊዜ ነው። ሁለቱም እኩል ሳስተው፣ ፊታቸውም ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ውፍረት ይዞ ከተገኘ ፍሬኑ ጤነኛ ነው፤ ሸራው የተሠራበትን ዓላማ ፈጽሞ አልቋል። የውስጡ ሸራ ብረት ሊነካ ደርሶ የውጭው ግማሹን እንኳ ካላለቀ፣ ከሁለት አንዱ ሆኗል፤ ካሊፐሩ በፒኖቹ ላይ መንሸራተት አቅቶት የውጭውን ሸራ መሳብ ስላልቻለ ሥራው ሁሉ በውስጠኛው ላይ ወድቋል፣ ወይም ፒስተኑ ፔዳሉ ከተለቀቀ በኋላ እንኳ ስለማይመለስ የውስጡ ሸራ ሳያቋርጥ ዲስኩን እየላሰ ኖሯል። የውጭው ከውስጡ ቀድሞ ካለቀ ደግሞ ካሊፐሩ ወደ ውስጥ ከተሳበ በኋላ ተመልሶ መላቀቅ አቅቶታል ማለት ነው። አንድ ሸራ በአንድ ጫፉ ወፍራም፣ በሌላው ጫፉ እንደ ሽብልቅ ቀጭን ሆኖ ሲገኝ ከሁለቱ ፒኖች አንዱ ብቻ ተጣብቆ ካሊፐሩ አዘንብሎ ይሠራ እንደነበር ይመሰክራል።

በፎገራ ሜዳ ላይ ለሚኖር ተሽከርካሪ እነዚህ ምልክቶች የሚያመሩት በአብዛኛው ወደ ተንሸራታች ፒኖቹ ነው፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። እያንዳንዱ ፒን በአንዲት ቀጭን የጎማ ሽፋን ተከልሎ በግራሶ የተሞላ ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጣል። ሽፋኗ በፀሐይና በሙቀት ብዛት ስትሰነጠቅ፣ መኪናው በክረምት ውሃ በተኛበት መንገድ ላይ ሲያልፍ የደፈረሰው ውሃ በስንጥቁ ይገባል፤ ውሃው ሲተን ደለሉ ከግራሶው ጋር ተቦክቶ ይቀራል፣ ፒኑም ይዝጋል። በጣም የደቀቀው የዋልካ አፈር ቅንጣት በሰፊ ክፍተት ውስጥ ምንም የማይጎዳ ቢሆንም፣ በፒኑና በጉድጓዱ መካከል ያለው ክፍተት እጅግ ጠባብ ስለሆነ በበጋ ሲደርቅ ፒኑን እንደ ሙጫ ይይዘዋል። ሸራው ላይ የሚታየው ጥልቅ ጭረትም ከዚሁ አፈርና ከአሸዋ የመጣ ነው። እንዲህ ባለ ካሊፐር ላይ አዲስና ውድ ሸራ መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው፤ ጥቂት ወራት ሳይቆይ ያው የውስጥ ሸራ ይጨረሳል፣ ባለመኪናውም ጥፋቱን በሸራው ጥራት ያላክካል። ስለዚህ ሁለቱም ፒኖች መውጣት፣ የሽቦ ብሩሽ ሳይነካቸው በጨርቅ መጠረግ፣ ዝገት ጎድጉዷቸው ከሆነ መለወጥ፣ ጉድጓዶቹም መጽዳት አለባቸው። መልሶ ለመቀባት ለኩሽኔታ የሚውለው ተራ ግራሶ አይሆንም፤ በሙቀት ቀልጦ ይወጣል፣ ጎማውንም አሳብጦ ፒኑን ከቀድሞው ይልቅ አጥብቆ እንዲይዝ ያደርገዋል። ለፍሬን ተብሎ የተሠራው የሲሊኮን ቅባት ትክክለኛው ነው። ከተገጠመ በኋላ ፒኑ በጣት ኃይል ብቻ ወዲያና ወዲህ መንሸራተት አለበት።

ሌሎችም ምስክሮች አሉ። የሸራው ፊት እንደ መስታወት አብለጭልጮ፣ ዲስኩም ሰማያዊ ነጠብጣብ ይዞ ከተገኘ ፍሬኑ ከመጠን በላይ ግሏል፤ የቁልቁለት አነዳድ መመርመር ይኖርበታል። የቀኝ ጎማ ሸራዎች አልቀው የግራዎቹ እንዳሉ ከሆኑ ደግሞ ፍርዱ በችኮላ መሰጠት የለበትም፤ ያለቀው ወገን አልላቀቅ ብሎ ሊሆን ይችላል፣ ያላለቀው ወገን ጭራሽ መሥራት አቁሞም ሊሆን ይችላል። ያረጀ የዘይት ቱቦ ከውስጥ አብጦ ዘይቱን ወደ ካሊፐሩ ካሳለፈ በኋላ መመለሻ ሊከለክለው ስለሚችል፣ ይህ ጉዳይ ወደ መካኒክ የሚመራ ነው። ዘይት ወይም ግራሶ የጠጣ ሸራ በቤንዚን ታጥቦ አይመለስም፤ መጣል አለበት፣ ዘይቱ የመጣበትም መገኘት አለበት። ዲስኩ ላይ ወይም በመሐሉ ላይ ዝቅተኛው የሚፈቀድ ውፍረት በሚሊ ሜትር ተቀርጾ ይገኛል፤ በካሊብሮ ተለክቶ ከዚያ በታች ከሆነ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላጥ ይብሱን ስለሚያሳሳው መለወጥ ብቻ ነው ያለው አማራጭ።

አዲሱ ሸራ ወፍራም ስለሆነ ፒስተኑ ወደ ጉድጓዱ መመለስ አለበት። አሮጌውን ሸራ በፒስተኑ ላይ አስደግፎ፣ አናጺዎች እንጨት አጣብቀው በሚይዙበት ባለጥምዝ ማጥበቂያ ቀስ እያሉ መግፋት ይበቃል፤ በካቻቢቴ መጎርጎር ግን አቧራ መከላከያ ጎሚኒውን ይቀድዳል። በኋላ ጎማ ላይ የእጅ ፍሬኑ ከካሊፐሩ ጋር ተዋሕዶ በተሠራባቸው መኪኖች ላይ ፒስተኑ የሚገባው እየተሽከረከረ ስለሆነ በግፊት መሞከር ይሰብረዋል፤ የእጅ ፍሬኑ በኤሌክትሪክ በሚሠራባቸው ላይ ደግሞ የእጅ ፍሬኑ ሞተር በመመርመሪያ መሣሪያ ሳይታዘዝ መነካት የለበትም። በነዚህ ሁለት ሁኔታዎች የቤት ሥራው ከፊት ጎማ ማለፍ የለበትም። በታምቡር ፍሬን ለሚሠራ የኋላ ጎማና ለባጃጅም አሠራሩ የተለየ ስለሆነ ይህ ማብራሪያ አያገለግልም።

ስለ ፍሬን ዘይት አንድ ነገር ሳይነሣ ሊታለፍ አይገባም። ዘይቱ ከአየር እርጥበት የመምጠጥ ባሕርይ አለው፤ ዶት 3 የሚባለው ደረጃ አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ እንዲቆይ የሚጠበቅ ሲሆን፣ እርጥበት ከገባበት በኋላ ግን የሚጠበቀው 140 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ለዶት 4 ቁጥሮቹ 230 እና 155 ናቸው። በረጅም ቁልቁለት ላይ የጋለው ካሊፐር ዘይቱን ካፈላው በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ሲጫኑት ስለሚጨመቅ ፔዳሉ ወለሉን ይነካል። ፍሬን እምቢ አለ ከሚባልባቸው አደጋዎች አንዱ መንስኤ ይህ ስለሆነ፣ ዘይቱን በ2 ዓመት አንድ ጊዜ መለወጥ ከሸራው የማይተናነስ ጉዳይ ነው። የሞተር ዘይት ወይም ሌላ ማንኛውም ቅባት በቦታው መጨመር የለበትም፤ ጎሚኒዎቹን ሁሉ ያሳብጣቸዋል።

አዲሶቹ ሸራዎች ሲገቡ ሁልጊዜ በግራና በቀኝ ጥንድ ሆነው ይለወጣሉ፤ አንድ ወገን ብቻ ከተለወጠ መኪናው ፍሬን ሲይዝ ወደ አንድ ጎን ይስባል። ካሊፐሩ ከተመለሰ፣ ብሎኖቹም አምራቹ በወሰነው ልክ ከጠበቁ በኋላ የጎማው ዳዶዎች ተራ በተራ ሳይሆን በተቃራኒ አቅጣጫ እየተፈራረቁ ይጠብቃሉ። ለብዙ የቶዮታ አውቶሞቢሎች የሚፈለገው ልክ 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ ይህም ግማሽ ሜትር በሚረዝም መፍቻ ጫፍ ላይ 21 ኪሎ ግራም ያህል ከመጫን ጋር እኩል ነው። መፍቻው ላይ በእግር ቆሞ ማጥበቅ 70 ኪሎ ግራም በሚመዝን ሰው ከሚፈለገው ከ3 እጥፍ በላይ ስለሚሆን፣ ብሎኑን ይስበዋል፣ ጥርሱንም ያበላሻል፤ ጎሚስታ ቤት ያጠበቀውን ጎማም ባለመኪናው ራሱ ፈትሾ ቢያጠብቀው መልካም ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው እርምጃ ከተረሳ አደጋው የሚደርሰው በመጀመሪያው ሜትር ላይ ነው። ፒስተኑ ወደ ኋላ ስለተገፋ በሸራውና በዲስኩ መካከል ክፍተት አለ፤ መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ፔዳሉ ጠንክሮ እስኪቆም ድረስ ደጋግሞ መረገጥ፣ የዘይቱም ደረጃ መታየት አለበት። ፔዳሉ ከብዙ ርግጫ በኋላም እንደ ስፖንጅ ከላላ አየር ገብቷል ማለት ስለሆነ አየሩ ሳይወጣ መኪናው ከግቢ መውጣት የለበትም። አዲስ ሸራ ከዲስኩ ጋር ለመላመድ ጥቂት የለዘበ ሥራ ይፈልጋል፤ ማለዳ ከብት አስፋልቱ ላይ ሳይወጣ በሐሙሲትና በወረታ መካከል ባለው ሜዳማ መንገድ ላይ በሰዓት ከ50 ወደ 15 ኪሎ ሜትር ቀስ ብሎ እየቀነሱ፣ ሙሉ በሙሉ ሳያቆሙና በየመካከሉ እያበረዱ 10 ጊዜ ያህል መድገም ይበቃል። ከዚህ በኋላ መኪናው ሲቆም የሁለቱም የፊት ጎማዎች ቸርኬ ሙቀት በእጅ ጀርባ፣ ሳይነካ በቅርብ ተጠግቶ ይነጻጸራል፤ አንዱ ከሌላው በግልጽ ከበለጠ የጋለው ወገን ካሊፐር አልተላቀቀም፣ ወይም የቀዘቀዘው ወገን እየሠራ አይደለም።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በዚህ አካባቢ መንገዶች ላይም እየታዩ ነው። እነዚህ መኪኖች ፍጥነት ሲቀንሱ ሞተራቸው እንደ ጀኔሬተር ሆኖ ጉልበቱን ወደ ባትሪ ስለሚመልስ ሸራቸው ለረጅም ዓመታት ሳያልቅ ይቆያል። በፎገራ ሁኔታ ግን ይህ የራሱ ስጋት አለው፤ እምብዛም የማይሠራ ፍሬን ስለማይግል እርጥበቱ አይተንለትም፣ ፒኑና የሸራው የብረት ጀርባ ጫፎች በጭቃና በዝገት ይጣበቃሉ፣ ወፍራም የመሰለው ሸራም በአስቸኳይ ሲፈለግ አይንቀሳቀስም። ስለሆነም የነዳጅም ሆነ የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤት የሸራውን ውፍረት ብቻ አይቶ መተው የለበትም፤ ክረምቱ አልፎ መንገዱ ሲጠገግ፣ በመስከረም መጨረሻ ላይ የፊት ጎማዎቹን አውልቆ፣ የፒኖቹን የጎማ ሽፋን ፈትሾ፣ ካሊፐሩ በእጅ ሲገፋ እንደሚንሸራተት ማረጋገጥ ይኖርበታል።